ሌሊት «እምምም» የሚለውን ድምፅ እስከ ምንጩ መከተል

ኅዳር ላይ አክስቴ ከደሴ ደወለችልኝ። «አንድ አይሱዙ ደጃፌ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ያድራል። ወጥቼ ሳይ ግን መኪና የለም» አለችኝ። ልጆቿ ምንም አይሰሙም። አንዱ ደም ግፊትሽን ተለኪ አላት፤ የጎረቤት ሴቶች ገሚሶቹ ጠበል፣ ገሚሶቹ ዱዓ አሉ። እሷ ግን «ጆሮዬን አውቀዋለሁ፣ ውጭ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ምንጩን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የሠራነውን፣ ያበላሸነውንም ጨምሬ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻም ሆናችሁ ወልዲያ፣ ከሚሴም ሆናችሁ ባቲ፣ ዘዴው ያው ነው።

ይህን ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ አገላለጻቸውም ከአክስቴ አይለይም። ራቅ ብሎ የቆመ የናፍጣ ሞተር ይመስላል፣ ቤት ውስጥ ይብሳል፣ ሌሊት ይጎላል። በእንግሊዟ ብሪስቶል በ1970ዎቹ ብዙ ሰው ስለዚህ አቤት ብሏል (የውጭዎቹን ዓመታት በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ታኦስ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች መሣሪያ ይዘው ሄዱ። ከተጠየቁት ነዋሪዎች 2 በመቶ ያህሉ እንሰማለን አሉ፤ መሣሪያው ግን ከሚሰሙት ጋር የሚገጥም ነገር አልያዘም። ካናዳ ውስጥ ዊንድዘር ከ2011 ጀምሮ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጥርጣሬው ከወንዙ ማዶ፣ አሜሪካ በኩል ባለ የብረት ፋብሪካ ላይ ወደቀ፤ በ2020 የፋብሪካው ምድጃዎች ሥራ ሲያቆሙ ድምፁም ቆመ። ካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ ላይ ደግሞ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን እንቅልፍ የነሣው ወንድ ዓሣ ሆኖ ተገኘ፤ ሴቷን ሲጠራ ነው ሌሊቱን የሚያዜመው።

እኔን በጣም ያስተማረኝ ግን የኮኮሞ ነገር ነው። ኢንዲያና ውስጥ ባለችው በዚህች ከተማ በ2003 የተደረገው ጥናት አንድ ሳይሆን ሁለት ምንጭ አገኘ፤ ከአንድ ፋብሪካ የማቀዝቀዣ ማማ 36 ሄርዝ (በሰከንድ 36 ንዝረት ማለት ነው)፣ ከሌላ ፋብሪካ የአየር ኮምፕረሰር 10 ሄርዝ። ሁለቱም ከተስተካከሉ በኋላ እንኳ አሁንም እንሰማለን ያሉ ነበሩ። ስለዚህ «ምንጩን» ከማለት «ምንጮቹን» ብላችሁ ጀምሩ።

ደብተር ይቅደም

የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ስልክ ይዤ መሮጤ ነበር። በደረስኩበት ሌሊት የድምፅ መተግበሪያ ጭኜ ቤቱን ስዞር አመሸሁ። ያተረፍኩት ሰማያዊና ቀይ የሆነ ሥዕል ነው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባኝም።

በማግስቱ ደብተር ገዛን። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የት ክፍል፣ የት ቦታ ላይ ተኝታችሁ ወይም ቆማችሁ፣ መስኮቱ ክፍት ወይም ዝግ፣ መብራት አለ ወይም የለም፣ ንፋስ፣ ዝናብ። ድምፁ ያልተሰማባቸውን ሰዓታትም ጻፉ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እነዚህን ነው፣ ምርመራውን የሚፈቱት ግን እነሱ ናቸው። የቤት ሰውን «ሰማህ ወይ?» እያላችሁ አትጠይቁ፤ የተጠየቀ ሰው መስማት ይጀምራል።

አክስቴ ከጻፈችው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡20። ትራሴ ላይ ኃይለኛ ነው። ለውሃ ስነሣ መኻል ሳልደርስ ጠፋ፣ ስመለስ መጣ። መብራት አለ። ውሻው ዝም ብሏል።» ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ መልሱ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነበር።

ጆሮ ነው ወይስ ውጭ?

ሁሉም ሰው ጆሮውን በጣት ደፍኖ ይሞክራል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። አሁኑኑ ሁለት አውራ ጣቶቻችሁን ጆሯችሁ ውስጥ ክተቱና ቡጢያችሁን ጨበጥ አድርጉ። ጉርርር የሚል ነገር ትሰማላችሁ። እሱ የገዛ ጡንቻችሁ ነው፤ ጡንቻ ሲኮማተር 25 ሄርዝ አካባቢ ያጉረመርማል። አክስቴ «ስደፍነውም አለ!» ብላ የደነገጠችው በዚህ ነው። ስለዚህ ጣት ትታችሁ ፋርማሲ የሚሸጠውን የስፖንጅ መድፈኛ ተጠቀሙ። ስትደፍኑት ድምፁ ከቀነሰ ወደ ውጭ ያደላል፤ ጭራሽ ከጎላ ወደ ጆሮ ያደላል። ወፍራም ድምፅ መድፈኛን አልፎ ስለሚገባ ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

የተሻለው ቦታ መቀየር ነው። ሐይቅ ዘመድ ያለው ሐይቅ ይደር፤ መብራት ያልገባበት ገጠር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሁለት ሌሊት በቂ ነው። ያው ድምፅ በያው ውፍረት እዚያም ከተከተላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የጆሮ ኩክ እንኳ ይህን ያደርጋል። ብዙ አስፕሪን የሚወስድ፣ ወይም ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ኩይኒን የወሰደ ሰው ጆሮው ሊጮኽበት ይችላል። ድምፁ ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም መስማት ከመቀነስና ከማዞር ጋር ከመጣ ደግሞ ምርመራውን ትታችሁ ቶሎ ታከሙ።

አክስቴ ሐይቅ እህቷ ጋ ሁለት ሌሊት እንደ ሕፃን ተኝታ መጣች።

የራስን ቤት ነፃ ማውጣት

ቤት ውስጥ የሚያጉረመርም ዕቃ ከምታስቡት ይበልጣል፦ ፍሪጅ፣ የፍሪጅ ስታቢላይዘር፣ የሮቶ ፓምፕ፣ ዱላ መብራት፣ ከሶኬት ያልተነቀለ ቻርጀር። ፍሪጁን መጀመሪያ ለብቻው ንቀሉትና አዳምጡ፤ ከዚያ እንደተነቀለ ይቆይ። ብሬከሩን ደጋግማችሁ ስታጠፉና ስታበሩ ኮምፕረሰሩ እንዳይቃጠል ነው።

ቀጥሎ ስውር ፈተና። አንድ ሰው ብሬከሩ ጋ ይቁም። ሳንቲም እየወረወረ፣ አንበሳ ከወጣ ያብራ፣ ጀርባው ከወጣ ያጥፋ። ሰሚው ሌላ ክፍል ውስጥ፣ በጨለማ፣ ምንም ሳይነገረው «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይጻፍ። አሥር ጊዜ ድገሙት። በግምት የሚመልስ ሰው አምስት ያህሉን ያገኛል፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ያገኘ ሰው በእውነት እየሰማ ነው፣ ምንጩም ቤቱ ውስጥ ነው። አክስቴ አሥሩንም ጊዜ «አለ» ብላ ጻፈች። የአክስቴ ልጅ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ቤቷ ነፃ ወጣ ማለት ነው፣ እሷም እኛን ለማስደሰት ብላ የምትመልስ ሰው አይደለችም።

መብራት ሲጠፋ

ውጭ አገር ያለ መርማሪ የሠፈር መብራት አስጠፍቶ ልሞክር ቢል ማንም አይሰማውም። ለእኛ ሳንጠይቅ ይጠፋልናል። በዓመት ስንት ጊዜ የምናማርርበት ነገር ለዚህ ሥራ የሚተካው መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ መብራት በሚጠፋባት ቅጽበት ጆሯችሁ የት እንደነበረ አስታውሱ።

ድምፁ ከመብራቱ ጋር እኩል ከጠፋ ምንጩ በመብራት የሚሠራ ነገር ነው። መብራት ከጠፋ ጥቂት ቆይቶ ከጀመረ የአንድ ቦታ ጄኔሬተር ነው፤ ሆቴል፣ ባንክ፣ የስልክ ማማ። መብራት ቢጠፋም ቢመጣም ግድ የማይሰጠው ከሆነ ደግሞ ናፍጣ ወፍጮ፣ ሩቅ መንገድ፣ የራሱ መስመር ያለው ፋብሪካ፣ ወይም ጆሮ።

አጠፋፉንም አዳምጡ። ትራንስፎርመር ያለው ዕቃ ክር እንደተቆረጠ ያህል ቀጥ ይላል። ማራገቢያና ሞተር ግን ይንጠለጠላል፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚሞተው። ይህን ልዩነት ለመስማት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአምባሰልን ቅኝት ከባቲ የሚለይ የወሎ ጆሮ አያቅተውም።

በአራተኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ።

«ጠፋ! አሁን ጠፋ!»

«መብራቱስ?»

«እሱም ጠፍቷል፤ እሱን ተወውና ድምፁ ጠፋ እኮ ነው የምልህ!»

እንዴት ጠፋ ስላት «ጭጭ አለ፣ አንዴ» አለችኝ። ትራንስፎርመር ማለት ነው።

ቀጥሎ ማየት ያለባችሁ የጠፋው የማን መብራት እንደሆነ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጦሳ ተራራ ግርጌ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የቱ ሠፈር እንደጨለመ፣ የቱ እንደበራ በአንድ እይታ ይለያል። ማዶ እየበራ የእናንተ መስመር ብቻ ጨልሞ ድምፁ ከቆመ ፍለጋችሁ ከከተማ ወደ መንደር ጠበበ።

አሁን ስልኩ ይምጣ

ለአንድሮይድ ስፔክትሮይድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ድምፅን በሄርዝ ዘርዝሮ ያሳያል። ኮምፒውተር ያለው ሰው በስልኩ አሥር ደቂቃ ቀርጾ ኦዳሲቲ ላይ የድምፁን ዝርዝር ቢያወጣ ይሻላል፤ እዚያ የናሙናውን መጠን ወደ 65536 ከፍ አድርጉት፣ ካልሆነ 49ን ከ51 አይለይላችሁም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የክፍሉ ጥግ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። የበረራ ሞድ ላይ ይሁን። እናንተም ውጡ፤ ትንፋሻችሁ ይሰማል።

የስልክ ማይክ ለሰው ንግግር የተሠራ ስለሆነ ከ100 ሄርዝ በታች እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ስልኩን «ስንት ሄርዝ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት እንጂ «ስንት ዴሲቤል ነው?» (ማለትም ምን ያህል ይጮኻል?) ብላችሁ አትመኑት።

ቁጥሩ ሲወጣ ተጠርጣሪውን መለየት ይቻላል። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ የትራንስፎርመር ብረት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ 100 ላይ ያጉረመርማል፣ 200 እና 300 ላይም ልጆቹን ያስከትላል። በደቂቃ 1500 የሚዞር ባለአራት ሲሊንደር ጄኔሬተር 50 አካባቢ፣ ባለስድስቱ 75 አካባቢ ይመታል። የዋናው መስመር 50 እምብዛም አይነቃነቅም፤ ጄኔሬተር ግን ጭነት ሲቀንስለት 51፣ 52 እያለ ይዋዥቃል። የፓምፕና የፋብሪካ ሞተር ብዙ ጊዜ ከ25 ጥቂት ዝቅ ብሎ 24 ምናምን ላይ ይገኛል። ድምፅ ማጉያው ሳይጠፋ ያደረ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆናችሁ እሱም 50 እና 100 ይሰጣል። 230፣ 250 ካያችሁ ደግሞ ጣሪያው ውስጥ ንብ ገብቷል፤ ማር ቁረጡ።

የእኛ ስልክ 100 ላይ እንደ ችካል ቀጥ ያለ መስመር አሳየን፤ 200 ላይ ታናሽ ወንድሙ።

ለምን ትራሷ ላይ ብቻ?

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ100 ስታካፍሉት አንዱ ሞገድ 3 ሜትር ከ40 ነው። ሜትር አምጥቼ የአክስቴን መኝታ ክፍል ለካሁ፤ ከግድግዳ ግድግዳ 3 ሜትር ከ45። ክፍሉ ለዚያ ድምፅ በልኩ የተሰፋ ነው! እንዲህ ሲገጣጠም ድምፁ በግድግዳዎቹ መካከል ይቆማል፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ጋና ልክ መኻሉ ላይ ይጮኻል፣ ከግድግዳ 85 ሳንቲም ርቀት ላይ ግን ይሞታል ማለት ይቻላል። የአክስቴ ትራስ ግድግዳ ተደግፏል። ለውሃ ስትነሣ «መኻል ሳልደርስ ጠፋ» ያለችው እዚያች የሞተች ቦታ ላይ ስትደርስ ነው። ልጇ ያንኑ ክፍል አዳምጦ «ምንም የለም» ያለውም ሁለት ክንድ ያህል ገባ ብሎ ቆሞ ነው።

ይህን ለማየት አልጋውን ሳቡት። በነፃ ነው፤ ምንጩ ባይገኝ እንኳ ያስተኛችኋል።

ከዚያ ስልኩን ይዘን ግድግዳውን ስናስስ፣ ከጎረቤት ሱቅ ጋር በምንጋራው በኩል አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ከፍ አለ። መዳፌን ሳሳርፍ እንደ በገና አውታር ይነዝራል። በማግስቱ አክስቴ ከእኔ ጋር ሱቁ ገባች።

«ሐጂ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለዎት?»

የለስላሳ ማቀዝቀዣቸው ስታቢላይዘር ነበር፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ነው፤ የጋራ ግድግዳው ላይ በሚስማር በተመታ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑ ትንሽ ነው፤ ያናገረው ግድግዳው ነው። «አብሽሩ እቴ፣ ስትነዝር እኔም እሰማታለሁ፣ ልማዷ ነው ብዬ ተውኳት» አሉና ወለል ላይ አወረዱት፤ ከሥሩ የባጃጅ ጎማ ቁራጭ አነጠፉለት።

ምንጩ ሩቅ ከሆነ

ሁሉም እንዲህ ግድግዳ ተጋርቶ አይገኝም። ከሠፈር ውጭ ከሆነ በእግር ነው። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ መለየት ይቸግረዋል፤ «ከዚያ ማዶ ነው» የሚለውን ስሜት ንቁት። ይልቅ አምስት ስድስት ቦታ ምረጡ፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሌሊት፣ በየቦታው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቅረጹ፣ በእጅ በተሣለ ካርታ ላይ የመስመሩን ቁመት ጻፉ። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ገደልና ሸንተረር ይህን ያዛባዋል፤ በወሎ መሬት ሁለት ሌሊት ካልደገማችሁ አትመኑት።

ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲበርድ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ቀዝቃዛ አየር ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲሆን ወደ ሰማይ ይሄድ የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ኮምቦልቻን በመሰለ ጎድጓዳ ስፍራ ቀን የማይሰማ ሞተር ሌሊት ኪሎ ሜትሮች ተሻግሮ የሚሰማው በዚህ ነው። ክረምት ላይ አትድከሙ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉንም ይውጠዋል።

ብቻችሁን አትውጡ። ጅቡም አለ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ሌሊት ስልክ ደግኖ የሚዞር ሰው ማንንም አያስደስትም። ለሠፈሩ ጥበቃ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ማማ፣ የመብራት ጣቢያና ካምፕ አትቅረጹ። ደግሞም ወሎ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። የመሬት ጉርምርምታ ግን በሰከንዶች ያልፋል እንጂ ሌሊቱን አያድርም። ክረምት ላይ ከተዳፋት ጉርምርምታ ሰምታችሁ መሬቱ ከተሰነጠቀ መቅረጹን ትታችሁ ልቀቁ።

አቤት ከማለታችሁ በፊት

መጀመሪያ ባለቤቱን በሰላም አናግሩት፤ ጎማ ማንጠፍና ጭስ ማውጫ መቀየር ብዙውን ይፈታል። እምቢ ካለ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ወጥመዱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። የተለመደው መሣሪያ «ኤ» በሚባለው ሚዛን ሲለካ 50 ሄርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። እንቅልፍ የሚነሣ የ60 ዴሲቤል ጉርምርምታ 30 ሆኖ ይነበባል፤ ባለሙያው «ከልኩ በታች ነው» ብሎ ይሄዳል፣ አልዋሸምም። ወፍራም ድምፅን ብዙም በማይቀንሰው «በሲ ሚዛንም ለኩልኝ» በሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከ15 ወይም 20 በላይ ከተራራቁ ወፍራም ድምፅ መኖሩን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርላችኋል። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ የአንድ ሳምንት ደብተር ከአንድ ሰዓት ጩኸት የበለጠ ይሰማል።

አክስቴ አሁን ትተኛለች። ደብተሩን ግን አልተወችም። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ብቻ የሚመጣ፣ ከመጀመሪያው የሳሳ ሌላ ድምፅ አለ ትላለች፤ ስልኩም 51 እና 52 መካከል የሚዋዥቅ ቀጭን መስመር አሳይቷል። እስካሁን አራት ቦታ ላይ ለክተናል፣ ወደ ሸለቆው ስንወርድ ይጨምራል። አምስተኛውን ቦታ መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅን ነው።